ውፍረት፣ ምላስና ትኩረት፦ ደብረ ማርቆስ ላይ እንዴት እንደምለካ

ውፍረት የምላስን ጣዕም የመለየት አቅምና ትኩረትን ይቀንስ እንደሆነ ለማየት ሦስቱንም እለካለሁ። ከሚዛን እጀምራለሁ፦ ጋቢ ይወልቃል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ኪስ ይራገፋል። ጋቢ ብቻውን ከኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ድንበር ላይ ያለን ሰው ወደ ማዶ ያሻግረዋል። ክብደትን በኪሎ ለክቼ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው አካፍላለሁ፤ ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ውፍረት ነው። ሚዛን ስብን ከጡንቻ ስለማይለይ ወገብንም እለካለሁ፦ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ሰውየው ትንፋሹን ካወጣ በኋላ። እኛ ዘንድ «ሰውነት ጨምረሃል» ሙገሳ ስለሆነ ሚዛን ላይ ለመውጣት የሚያንገራግር ብዙ የለም።

ወደ ምላስ ስመጣ ጥያቄው «ውፍረት ጣዕም የመለየት አቅምን ያደክማል ወይ?» ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ስብ የበዛበት ምግብ ለ8 ሳምንት የተመገቡ አይጦች የጣዕም እንቡጦቻቸው (ምላስ ላይ ጣዕም የሚለዩት ጥቃቅን አካላት) በሩብ ያህል እንደቀነሱ አሳይቷል፤ መንስኤው ከውፍረቱ ጋር የሚመጣው ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ነበር። ሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን እርስ በርስ ይጋጫሉ። በእኔ ግምት ለዚህ የአለካኩ ድርሻ ትንሽ አይደለም።

12 ግራም ስኳር አሟሙቼ በውኃ እስከ 1 ሊትር እሞላለሁ። ከዚያ 500 ሚሊ ሊትር ቀድቼ እንደገና እስከ 1 ሊትር፤ 6 ግራም ሆነ። በዚሁ መንገድ 3፣ 1.5 እና 0.75። ጨው ከ2 ግራም ተነስቶ እስከ 0.125 ይወርዳል። ትንንሹን መጠን ለየብቻ መመዘን አያዋጣም፤ የሚዛኑ ስሕተት የምንፈልገውን ልዩነት ይውጠዋል። የተረፈው ይደፋል፤ ስኳር ውኃ አያድርም።

ሦስት ሲኒ፣ በያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር፦ ሁለቱ ተራ ውኃ፣ አንዱ ስኳር ወይም ጨው ያለበት። «የትኛው ይለያል?» ነው ጥያቄው፤ «ይጣፍጣል ወይ?» ካሉ ሰው እናንተን ለማስደሰት «አዎ» ይላል። ከደካማው እጀምራለሁ፤ ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ይጉመጠመጣል፣ 30 ሰከንድ ይቆያል። በግምት የማግኘት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ፣ በአንዱ መጠን ሦስቴ በተከታታይ ካልለየ አልቀበልም፤ ያኔ የግምት ዕድሉ ከ27 አንድ ይሆናል። ሲኒውን የሚያቀርበው ሰው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም፤ ፊቱ ያሳብቃል።

የሚያበላሸው ብዙ ነው። ቡና የተጠጣበት ሲኒ ሽታ ይይዛል። ሚጥሚጣና አረቄ ምላስን ስለሚያደነዝዙ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መታቀብ ያሻል። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ይበርዳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጣፋጭነትን ይደብቃል፣ ስለዚህ ሁሉም ሲኒ 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ጾመኛ ውኃ ቀምሶ መትፋት እንኳ አይፈልግም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ከዚህ የሚረቅ ነገርም አለ፦ የጣዕም ሕዋሳት በ10 ቀን አካባቢ ይታደሳሉ፤ አንዱን በዐቢይ ጾም ሌላውን ቅቤና ሥጋ ከገባ በኋላ ለክቶ ማወዳደር ውፍረትን ከአመጋገብ መደባለቅ ነው።

ለትኩረት ቁጥሮችን በሰከንድ አንድ እያልኩ እጠራለሁ፤ እሱ ከኋላ ወደ ፊት ይመልሳል። ከሁለት ቁጥር እጀምራለሁ፣ ለያንዳንዱ ርዝመት ሁለት ዕድል፤ ሁለቱንም ከሳተ ያበቃል። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር የማገናኘቱ ፈተና፣ 1-ሀ-2-ለ እያለ የሚሄደው፣ በቄስ ትምህርት ቤት ያለፉትን አንዳንዴ ያደናግራል፤ አበገደን (ሌላውን የፊደል ተራ) ስለሚያውቁ እጃቸው ወደዚያ ይሄዳል። አስቀድሞ መለማመጃ ወረቀት መስጠት ይፈታዋል። ማንበብ ለማይችል የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ማስቆጠር ይሻላል።

ትልቁ ወጥመድ ግን ፈተናው ውስጥ የለም። አገራችን ውስጥ ውፍረት የሚበዛው ከተማ፣ ገቢ ያለው፣ የተማረው ዘንድ ነው። የከተማውን ወፍራም ነጋዴ ከገጠሩ ቀጭን ገበሬ ጋር ብታወዳድሩ ወፍራሙ ይበልጣል፤ ያሸነፈው ግን የተማረበት ዘመን ነው። ስለዚህ የማወዳድረው እዚያው ከተማ ያሉትን፣ የትምህርት ደረጃቸው አንድ የሆነ፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በላይ የማይራራቅ ሰዎችን ነው። ስኳር በሽታና የደም ግፊትም በራሳቸው አንጎልን ስለሚጎዱ ይመዘገባሉ።

እንቅልፍ አይዘለል። ወፍራም ሰው ሲተኛ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል፤ በማግስቱ ትኩረቱ የሚዝለው በእንቅልፍ ማጣት እንጂ በስቡ ላይሆን ይችላል። ማንኮራፋቱን ግን ራሱን አልጠይቅም። ሚስቱን ነው የምጠይቀው።