በዓይን የሚታየውና ከዘር የሚመጣው፦ ሚውታንት ሩዝ ላይ የተማርኩት

አረንጓዴ የሩዝ ችግኝ በሞላበት ትሪ መሃል አንዳንዴ አንዲት ነጭ ቡቃያ ብቅ ትላለች፣ ጥጥ የመሰለች። ክሎሮፊል ስለሌላት ምግቧን መስራት አትችልም፣ ፍሬዋ ውስጥ የያዘችው ስንቅ እስኪያልቅ አንድ ሁለት ሳምንት ትቆምና ትደርቃለች። ለኔ ግን ትልቅ ምልክት ናት። ስራዬ ዘሩን በጨረር መትቶ ጂኑ የተለወጠ ሩዝ፣ ማለትም ሚውታንት፣ መፈለግ ነው፣ ሁለተኛው ትውልድ ላይ እንደሷ ያሉ ካየሁ ጨረሩ ጂኑን ነክቶታል ማለት ነው፣ ስለዚ ከአረንጓዴዎቹ መሃልም ገና ዓይን ያልገባ ለውጥ የያዘ አለ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ እንዲ ነው። ዘሩን ጋማ ጨረር ውስጥ እንከተዋለን፣ ብዙ ጊዜ ከኮባልት 60 የሚወጣውን፣ ለሩዝ በአብዛኛው ከ150 እስከ 350 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ባለው መሃል። ካነሰ ለውጡ ጥቂት ነው፣ ከበዛ ዘሩ ይሞታል። (ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ ዘሩ ራሱ ጨረር የሚረጭ አይሆንም፣ ጋማ አልፎ ነው የሚሄደው።) ከዛ የሚበቅለው መጀመሪያው ትውልድ ኤም 1 ይባላል፣ እሱ ላይ ደግሞ መምረጥ የለም! የተቆራመደ፣ ፍሬ ያልያዘ ምናምን ታያላችሁ ግን አብዛኛው ቁስል ነው፣ ወደ ልጅ አይተላለፍም። እውነተኛው ለውጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ የጂን ቅጂ አንዱ ላይ ብቻ ስለሚሆን ደህናው ይሸፍነዋል፣ በዛ ላይ የአንድ ተክል ዛላዎች እንኳን የተለያየ ለውጥ ሊይዙ ስለሚችሉ ዛላ በዛላ ለየብቻ ነው ምንሰበስበው። ሩዝ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የተደበቀው ሁለተኛው ትውልድ፣ ኤም 2 ላይ ይወጣል፣ ለውጡን ከያዘ ዛላ ከወጡት ልጆች ከአራት አንዱ ገደማ ማለት ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚ ጋ ነው። ኤም 2 ላይ አንዲት ተክል አየሁ፣ ግንዷ ብዙ፣ ዛላዋ ረጅምና ከባድ፣ ጎረቤቶቿን ሁሉ አስንቃ የቆመች። በክር አስሬ ቁጥር ሰጠኋት፣ ዘሯን ለብቻ አስቀመጥኩ፣ ኤም 3 ላይ መስመር አድርጌ ስዘራት ከወላጇ፣ ማለትም ጨረር ካልነካው ዝርያ፣ ምንም የተለየ ነገር የላትም። ማስታወሻዬን መልሼ ሳይ ተክሏ የማሳው ዳር ላይ ነበረች፣ በአንድ በኩል ጎረቤት ስለሌላት ብርሃኑንም ማዳበሪያውንም ብቻዋን ስትወስድ ከርማለች። ያየሁት ልዩነት እውነት ነው፣ ግን የቦታው እንጂ የዘሩ አልነበረም። ከዛ በኋላ ዳር ላይ ያለ ተክል አልመርጥም፣ ደግሞ ሁሉም ባህሪ እኩል እንደማይወረስ ገባኝ፣ ቁመት፣ ዛላ የሚያወጣበት ቀንና የፍሬ ቅርፅ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ስለሚወረሱ ኤም 2 ላይ በዓይን መያዝ ይቻላል፣ የግንድ ብዛትና ምርት ግን አፈሩም ውሃውም ስለሚያወዛውዘው ወላጁን መሃል መሃል እየዘራችሁ በድግግሞሽ ነው ማየት ያለባችሁ።

ለምን ከሌላ ዝርያ ጋር አታዳቅሉትም ለምትሉ፣ ማዳቀልማ ጥሩ ነው፣ ግን ሰው የሚወደውን ዝርያ ስታዳቅሉት ግማሹ ባህሪ ከሌላው ወላጅ ይመጣል። ታይላንድ ላይ ካው ዶክ ማሊ 105 የሚባለውን ባለ ሽታ ሩዝ በጋማ መትተው በ1977 አርዲ 6 የሚባል የሚጣበቅ ሩዝ አወጡ፣ በ1978 ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰውን አርዲ 15። ያው አንድ ወላጅ ነው፣ ሁለት የተለያየ ልጅ።

ግን የልዩነት ነገር ሲነሳ ሁሌ ማስበው የአጭር ቁመቱን ታሪክ ነው። አጭር ሩዝ ማዳበሪያ ሲያገኝ አይጋሽብም፣ ለዛ ነው በጣም የተፈለገው። ጃፓን በ1966 ሬይሜይ የሚባለውን አጭር ዝርያ በጋማ አወጣች፣ በዛው ዓመት ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም አይአር 8ን ለቀቀ፣ የሱ አጭርነት ከጨረር ሳይሆን ከአንድ የታይዋን የቆየ ዝርያ የመጣ ነው፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1976 ካልሮዝ 76ን እንደገና በጋማ። ሶስት አገር፣ ሶስት ምንጭ። በኋላ ጂኑ ሲታይ ሶስቱም ኤስዲ 1 ላይ ነው የወደቁት፣ ተክሉን የሚያስረዝመውን ጂብሬሊን የሚባል ሆርሞን ለመስራት የሚረዳ ጂን ነው። ታይዋኑ ላይ 383 የዲኤንኤ ፊደል ተቆርጦ ጠፍቷል፣ ሬይሜይና ካልሮዝ 76 ላይ ግን በእያንዳንዳቸው አንድ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሰራበት ቁራጭ) ብቻ ነው የተቀየረው። እና ማሳ ላይ ሶስት የተለያየ ምንጭ የመሰለን ነገር ውስጡ አንድ ጂን ሆኖ ተገኘ። ይሄ እኔን በጣም ያሳስበኛል፣ በሜትርና በሚዛን ለክተን "ብዙ ልዩነት አለን" ስንል ዲኤንኤውን ካላየን አንዱን ነገር ሶስቴ ቆጥረነው ሊሆን ይችላል። ተቃራኒውም አለ፣ ቁመታቸው አንድ ሆኖ ጂናቸው የተለያየ አለ፣ እነዛን ነው ማባከን የሌለብን።

አሁን እጄ ላይ ያለችው መስመር ከወላጇ ቀድማ ዛላ ታወጣለች፣ ኤም 3 ላይም ኤም 4 ላይም ደግማዋለች፣ የዳር ተክልም አይደለችም። ፍሬዋ ግን ቀጭን ነው። አንድ ለውጥ ሁለቱንም አምጥቶት ይሁን፣ ወይ ጨረሩ ሁለት ቦታ መትቷት ይሁን ገና አልለየሁም፣ ስለዚ በሚቀጥለው ወቅት ከወላጇ ጋር መልሼ ላዳቅላት ነው። ከዛ ከሚወጡት የልጅ ልጆች መሃል ቀድሞ የደረሰ ግን ፍሬው ወፍራም የሆነ አንድ እንኳን ከተገኘ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው ማለት ነው፣ ለዛ ብዬ ጥቂት መቶ ተክል የሚበቃ ቦታ ከወዲሁ ለይቻለሁ፣ መሃል ላይ።