ስንጥቁ የሚጠፋው በጽዳት ላይ ነው

ሦስቱን ጣሳ፣ ማለትም ማጽጃውን፣ ቀዩን ቀለምና ነጩን ዴቨሎፐር (ቀለሙን ከስንጥቁ መልሶ ስቦ የሚያሳየውን ነጭ ርጭት)፣ የያዘ ሰው የቧንቧ ብየዳ መፈተሽ ቀላል ይመስለዋል። ቀለሙማ ሥራውን ያውቃል፤ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስበው፣ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅም ቀለሙን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ችግሩ ያለው ሁለቱ ጽዳቶች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ከቀለሙ በፊት የሚደረገው ነው። ብየዳውን በግራይንደር ካሳመሩት ብረቱ ተድጦ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል። ስላጉን (ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት) በመዶሻ፣ ዝገቱን በእጅ ሽቦ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል (ቧንቧው ስቴንለስ ከሆነ ብሩሹም ስቴንለስ ይሁን)። ከብየዳው ግራና ቀኝ 25 ሚሊሜትር ድረስ ቅባትም የቆየ የቧንቧ ቀለምም አይኑር። በማጽጃ ከጠረጉ በኋላ በደንብ ይድረቅ፤ ስንጥቁ ውስጥ ፈሳሽ ከቀረ ቀለሙ መግቢያ ያጣል።

የብረቱ ሙቀት ከ5 እስከ 52 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ቆላ ፀሐይ ላይ የዋለ ቧንቧ ይህን በቀላሉ ያልፋል፣ ስለዚህ ጠዋት ይሠራ። ለብየዳ ቀለሙ ተረጭቶ የሚቆይበት ዝቅተኛው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ ለቀጭን ስንጥቅ ግን 20 ደቂቃ ቢሰጠው ይሻላል፣ ቀለሙ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ።

ሁለተኛው ጽዳት፣ ከላይ የቀረውን ትርፍ ቀለም ማንሳት፣ የባሰ ነው። ማጽጃውን በቀጥታ ብረቱ ላይ መርጨት ቀለሙን ከስንጥቁ አጥቦ ያወጣዋል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ማጽጃ በትንሹ በነካው ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ ላይ ፈዛዛ ሮዝ ብቻ ሲቀር ይቁም።

ዴቨሎፐሩን ጣሳው ውስጥ ያለው ኳስ እስኪንኳኳ ነቅንቆ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት በስሱ መርጨት። ከወፈረ የሚወጣውን ቀይ ምልክት ይሸፍነዋል። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይታይ፤ ውጤቱ የሚነበበው ግን ከደረቀ ከ10 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ ቢያንስ 1000 ሉክስ ብርሃን ላይ ነው። ርዝመቱ ከስፋቱ ሦስት እጥፍ የበለጠ ምልክት እንደ መስመር ይቆጠራል። የብየዳው ጠርዝ ላይ ያለ አንደርከትም (ብየዳው ብረቱን በልቶ የተወው ቦይ) ቀይ መስመር ስለሚያወጣ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቦታውን አንዴ ጠርጎ ዴቨሎፐር መድገም ነው፦ ስንጥቅ ከሆነ እንደገና ይደማል፣ አንደርከት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ሆኖ ይቀራል።

ቀለም የሚያሳየው አፉ በብረቱ ገጽ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ ብቻ ነው። ተራ የካርቦን ብረት ከሆነ የማግኔት ዮክ (ባለ ሁለት እግር የኤሌክትሪክ ማግኔት፤ የሚነሰነሰው የብረት ዱቄት ስንጥቁ ላይ ይሰበሰባል) ይሻላል፤ በኤሲ (በተለዋጭ ኤሌክትሪክ) የሚሠራው 4.5 ኪሎ ማንሳት መቻሉ ይረጋገጥ። እግሮቹን አዙሮ ሁለት ጊዜ መፈተሽ ግድ ነው፤ ከማግኔቱ መስመር ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ዱቄቱን አይሰበስብም።

ጠንካራ ብረት ላይ ደግሞ በሃይድሮጂን የሚመጣው ስንጥቅ ብየዳው ከቀዘቀዘ በኋላም ይከፈታል። ፍተሻው ከ48 ሰዓት በኋላ ይሁን።