ሪፖርቱ ለምን ባዶ ይሆናል? ከሊንከር ጋር የተያያዝኩት ትግል

በመጨረሻ ሠራች! በራሴ የጻፍኳት ትንሿ የከቨሬጅ መሣሪያ ትናንት ማታ ትክክለኛ ሪፖርት አወጣች። የትኛው መስመር በቴስት እንደተነካ፣ የትኛው ጭራሽ እንዳልተነካ ቁልጭ አድርጋ አሳየች። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አቃተኝና ይኸው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ከቨሬጅ ማለት በየኮዱ መታጠፊያ ቆጣሪ መትከል ነው። ፕሮግራሙ በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆጣሪው አንድ ይጨምራል። ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ ጥያቄ፣ ፕሮግራሙ ሲጨርስ ቆጣሪዎቹን ከየት እንሰብስባቸው የሚለው ነው። እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው ስለሚኮምፓየል አንዱ ሌላውን አያውቀውም።

መልሱ ሊንከሩ ጋ ነው፤ ለየብቻ የተኮምፓየሉትን ፋይሎች ገጣጥሞ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው መሣሪያ ማለት ነው። ቆጣሪዎቹን በሙሉ አንድ ስም ባለው ሴክሽን (የፋይሉ ክፍል) ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ ሊንከሩ ከየፋይሉ የመጣውን አንድ ላይ ይደረድረዋል። ከዚያ በራሱ ጊዜ ሁለት ምልክቶች (የአድራሻ ስሞች) ይፈጥራል። በሴክሽኑ ስም ፊት «ስታርት» ያለበት መነሻው ነው፣ «ስቶፕ» ያለበት መድረሻው። ከመነሻ እስከ መድረሻ በሉፕ መሄድ ነው፣ አለቀ። ፕሮግራሙ ሲነሳ እየተጠራ የሚመዘግብ ፈንክሽን አያስፈልግም። እኔ በበኩሌ ከዚህ ያማረ ዘዴ አላየሁም። ግን ልብ በሉ፤ በሊኑክስ ይሄ የሚሠራው የሴክሽኑ ስም በሲ ቋንቋ የተለዋዋጭ ስም መሆን የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። ስሙ ውስጥ ነጥብ ካለ ምልክቶቹ አይፈጠሩም።

አሁን ወደ አሰቃየኝ ነገር ልምጣ። ሁለት ሴክሽን አለኝ። አንዱ ቆጣሪዎቹን ይይዛል። ሌላው ሰንጠረዥ ነው፤ ይህ ቆጣሪ የየትኛው ፋይል፣ የየትኛው መስመር እንደሆነ ይናገራል። ሊንከሩ የማይፈለገውን እንዲጥል የሚያዘውን «ጂሲ ሴክሽንስ» ፍላግ ስጨምር ሪፖርቱ ባዶ ይሆናል። ስህተት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። የባሰው ደግሞ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ላፕቶፕ ጎን ለጎን ከፍተን፣ ያው ኮድ፣ ያው ፍላግ፣ እሱ ጋ ሙሉ ሪፖርት ይወጣል፣ እኔ ጋ ምንም። የፕሮግራም ፋይል ውስጡን በሚያሳየው በሪድኤልፍ ስንመለከተው የኔው ፋይል ውስጥ ቆጣሪዎቹ በቦታቸው አሉ፣ ሰንጠረዡ ግን የለም። የዕድሩ ገንዘብ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ማን እንደከፈለ የተጻፈበት መዝገብ እንደጠፋ ቁጠሩት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቆጣሪውን ኮዱ ራሱ ይነካዋል፤ ኮዱ እስካለ ቆጣሪውም ይተርፋል። ሰንጠረዡ ግን ቆጣሪውን ይጠቁማል እንጂ እሱን የሚጠቁም የለም፣ ከሁለቱ ምልክቶች በቀር። እኔ የምጠቀምበት ሊንከር፣ ኤልኤልዲ፣ ደግሞ በ2021 ከወጣው 13ኛው ስሪቱ ጀምሮ በእነሱ መጠቀስን ለመትረፍ በቂ ምክንያት አያደርገውም። የጓደኛዬ የጂኤንዩ ሊንከር ካላዘዙት በቀር ያተርፈዋል። ስህተት ያልታየው ምልክቶቹ «ዊክ» (ባይገኙም ስህተት የማይሆኑ) ተብለው ስለታወጁ ነው፤ ቆጣሪ የሌለበት ፕሮግራምም እንዲሊንክ ይህ ግድ ነው። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ሉፑ አንዴም ሳይዞር ይወጣል።

ኮዱ ላይ የሚለጠፈው «ዩዝድ» የሚለው አትሪቢዩት እዚህ አያድንም፤ እሱ የሚያናግረው ኮምፓይለሩን ነው። ሊንከሩን የሚያናግረው ከኮምፓይለሮቹ ከጂሲሲ 11 እና ከክላንግ 13 ጀምሮ ያለው «ሪቴይን» ነው። እሱን ስጨምር ሰንጠረዡ ተመለሰ። ግን ሰንጠረዡ የሚጠቁመው ቆጣሪ ሁሉ አብሮ ይተርፋል፣ የፈንክሽን አድራሻ ከያዘማ የሞተው ኮድ ሁሉ ይነሳል። ታዲያ «ጂሲ ሴክሽንስ» ምን ሠራ? የኤልኤልዲን ባህሪ በሌላ ፍላግ መመለስም ይቻላል፤ እሱን ግን አልወደውም፤ የእናንተን ችግር በተጠቃሚው የቢልድ ፋይል ላይ መጫን ነው።

ትክክለኛው መንገድ የአንድን ፈንክሽን ቆጣሪና ሰንጠረዥ በአንድ የሴክሽን ግሩፕ ማሰር ነው። የግሩፕ አባላት አብረው ይቆያሉ፣ አብረው ይጣላሉ። ክላንግና ኤልኤልዲ ያሉበት ፕሮጀክት ኤልኤልቪኤምም የሚሄደው በዚሁ ነው። በሲ ማክሮ ይህን ማዘዝ ስለማይመች የቆጣሪ ተከላውን ወደ አሴምብሊ አወረድኩት፤ በሴክሽን ትእዛዙ ላይ «ጂ» የሚለው ምልክትና የግሩፑ ስም ይጨመራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለትንንሽ ፕሮጀክቶች ግን ዛሬም «ሪቴይን» ነው የምጠቀመው፤ ይፈጥናል።

ሊንከሩ ምን እንደጣለ የሚዘረዝር «ፕሪንት ጂሲ ሴክሽንስ» የሚባል ፍላግም አለ። ከዲበገር በፊት እሱን ክፈቱ። ሰንጠረዡ በስሙ ተጠርቶ ከተጣሉት መሃል ያገኘሁት እዚያ ነው።

ቀጥሎ የምሞክረው ፋይል ሲስተም በሌለው ቦርድ ላይ ነው። ጂሲሲ ከ11 ጀምሮ የጂኮቭ (የራሱ የከቨሬጅ መሣሪያ) መረጃ ጠቋሚዎችን በራሳቸው ሴክሽን የሚያስቀምጥ ፍላግ አለው፤ በሊንከር ስክሪፕት መነሻና መድረሻውን ራሴ እሰይማለሁ፣ «ኪፕ» (አትጣለው የሚል ትእዛዝ) እጨምርበታለሁ፣ ውጤቱን በሲሪያል ገመድ አወጣለሁ። ሥራ የፈታ ኤስቲኤም32 ቦርድ ያለው ያውሰኝ።