ታጣፊ ብስክሌትን በደረጃና በጭቃ መንገድ መሸከም

ጅማ ውስጥ ታጣፊ ብስክሌት የያዘ ሰው ከመንዳቱ ባልተናነሰ መሸከሙንም መልመድ ይኖርበታል። የምሠራበት ቢሮ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው ኮረኮንችም ክረምት ሲገባ ቀይ ጭቃ ይሆናል። ብስክሌቴ ባለ 20 ኢንች ጎማ ሲሆን ክብደቱ ወደ 12 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህን ያህል ጤፍ ከሂርማታ ገበያ ተሸክሞ መምጣት ብዙ ሰው አይከብደውም፤ ብስክሌትን የሚያከብደው ግን ከኪሎው ይልቅ ቅርጹ ነው።

በመጀመሪያ ያደረግሁት፣ አጥፌው ሳበቃ ቴላዮውን በአንድ እጅ እያነሣሁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማያጋድልበትን ቦታ መፈለግ ነበር። ከኮርቻው ቧንቧ ጥቂት ፊት ለፊት አገኘሁት፤ እዚያም ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጥሁትን ጠፍር ጠመጠምሁበት። እጅ አያንሸራትትም፣ በጨለማ ኮሪደርም በዳበሳ ይገኛል። የፊት ጎማው ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ካቴናው በውጭ በኩል ይቀራል፤ ስለዚህ በቀኝ እጅ ሲያዝ ግራሶው ከሱሪ ይርቃል፣ በግራ እጅ ሲያዝ ግን ጥርሱም ካቴናውም ጭን ላይ ያርፋል። እንግሊዛዊው አንድሩ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የነደፈው ብሮምፕተን የተባለው ታጣፊ ብስክሌት ካቴናውን በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሚደብቅ ባለቤቱ ስለ ሱሪው ብዙም አይጨነቅም።

ደረጃ ስወጣ ብስክሌቱን ከጭኔ ጥቂት ወደ ኋላ አስቀረዋለሁ፤ ከቀደመኝ ታችኛው ጫፍ ቀጣዩን ደረጃ ይመታል። ስወርድ ደግሞ ጥቂት አስቀድመዋለሁ፤ ወደ ኋላ ከቀረ ያለፍሁትን ደረጃ እየነካ ይገፋኛል። ግራ እጄ ዘወትር ድጋፉን እንደያዘ ነው። የሕንፃው ዘበኛ «ጋሼ፣ በአንድ በኩል ልያዝልዎት» ሲለኝ አመስግኜ እምቢ የምለው ይሉኝታ ይዞኝ አይደለም፤ እንዲህ ያለ አጭር ዕቃ ለሁለት ሲያዝ ጉልበት ለጉልበት ከማጋጨት በቀር አያቀልልም።

ለረጅም መንገድ እጅ አይበቃም። አንድ ትከሻ ላይ ማንጠልጠል አንገትን ያጣምማልና፣ ከአሮጌ ሻንጣ የተፈቱ ሁለት ሰፋፊ ማንገቻዎችን አሰፍቼ ልጅ በአንቀልባ እንደሚታዘል ከፍ አድርጌ ጀርባዬ ላይ አጣብቀዋለሁ። ፔዳሉ ጎን እንዳይወጋ አስቀድሞ ይታጠፋል ወይም ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ብሎን ጥርስ ተገላባጭ በመሆኑ የሚፈታው የሰዓት ዘንግ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው።

ጎማው እስከዞረ ድረስ ግን መግፋት ከመሸከም ይሻላል። የጅማ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሲጠቀጠቅ ጎማው ጨርሶ ይቆማል፤ በዚህ ጊዜ ጭቃውን በእንጨት ሳይፍቁ ብስክሌቱን ማንሣት ያለ ትርፍ ተጨማሪ ኪሎ መሸከም ነው። እኔ ክረምት ሲገባ ፓራፋንጎውን አውልቄ አስቀምጣለሁ፤ ጀርባዬ ላይ የሚረጨውን የዝናብ ልብሴ ይችለዋል።

ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስሄድ ዳገቱን በባጃጅ ወጥቼ ቁልቁለቱን በብስክሌት እወርዳለሁ። ብስክሌቱ ታጥፎ ከእግሬ ሥር ይገባል፤ ነገር ግን ሾፌሩ ለዕቃ መጠየቁ ስለማይቀር ሒሳቡን ሳይሳፈሩ መነጋገር ያስፈልጋል።