«ንቁ ነኝ፣ ተመስገን»

የመጀመሪያ ጥናቴን ያከሸፈችው አንዲት ቃል ናት። «ንቁ» የምትባል።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተምሬ እንደጨረስኩ፣ የሰሜኑ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ባሉበት መጠለያ ፒቲኤስዲን፣ ማለትም ከጦርነት ወይም ከሌላ ከባድ አደጋ በኋላ የሚቀረውን የአእምሮ ሕመም፣ ላጠና ተነሳሁ። ሕመሙ ራሱ አሮጌ ነው፤ ስሙ ግን ከቬትናም ጦርነት ወዲህ የመጣ ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። የያዝኩት መጠይቅ ፒሲኤል-5 ይባላል። 20 ጥያቄ አለው፣ ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ወደ አማርኛ መለስኩት። ሌላ ሰው ደግሞ የእኔን አይቶ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከዋናው እንግሊዝኛ ጋር ገጠመ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

17ኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አንድ አዛውንት ፈገግ አሉ። «ከመጠን በላይ ንቁ ሆነው ነበር ወይ?» ነው የምለው።

«ተመስገን ልጄ፣ ንቁ ነኝ። መች አረጀሁና!»

ሙሉ 4 ነጥብ። ጥያቄው የሚፈልገው አደጋ ይመጣል ብሎ በስጋት መጠበቅን ነበር። እሳቸው ጤናቸውን ነገሩኝ፣ እኔ ሕመም ብዬ ጻፍኩ። እኛ ዘንድ ንቁ ማለት ሙገሳ ነው፤ ልጅ ሲሞገስም «ንቁ ልጅ» ይባላል። መልሶ መተርጎሙ ይህን አልያዘውም። ለምን ይይዘዋል? «ንቁ» እንግሊዝኛ ሲሆን ያው «አለርት» ነው።

የተሞላውን ወረቀት ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩት። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቡና እየጠጣሁ ብቻ ሰማሁ። ሰዉ «ሐሳብ በላኝ» ይላል፣ «ልቤ ይበረግጋል» ይላል። «በቀላሉ መደንገጥ» ብዬ የጻፍኩት «መበርገግ» ሆነ። «የሚረብሽ ሕልም ያያሉ?» ሲባሉ ብዙዎቹ አላይም ይላሉ፤ ክፉ ሕልም ለእንግዳ አይነገርም። «ሌሊት ይቃዣሉ?» ስንል ግን አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ ቀድማ ትመልሳለች፤ «ኧረ እማዬ ሁሌ ነው!»

ከ0 እስከ 4 የሚለውንም ተውነው። አምስት ሲኒ ሳልን። አንዱ ባዶ፣ አንዱ ሙሉ፣ ሦስቱ በመሃል። ያልተማሩ እናቶች በጣታቸው ይነኩታል። «ባለፈው አንድ ወር» የሚለው ደግሞ «ባለፈው ወር ስንዴ ከታደለ ወዲህ» ሆነ።

17ኛው ጥያቄ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻ «አንድ ነገር ይመጣብኛል ብለው በር በሩን እያዩ ያድራሉ?» አልነው። እኚያን አዛውንት ፈልጌ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ፣ ማኅተሙ፣ ደብዳቤው ብዙ ወራት በላ፤ እሱን ልተወው። ልናገረው የሚገባኝ ሌላ ጥፋት አለ። መረጃ ሰብሳቢዎቼን አላሰብኩም። አንዷ በቀን ስድስት ሰባት ሰው ታነጋግር ነበር። አንድ ጠዋት ቀረች፤ ስደውል ሌሊቱን ሙሉ የሰማችው ታሪክ ሲመላለስባት ማደሩን ነገረችኝ። እኔ ነኝ ያደረግኩባት፤ የትራንስፖርትና የአበል በጀት ስይዝ የእሷን እንቅልፍ አልያዝኩም። አሁን አንድ ሰብሳቢ በቀን ከሦስት ሰው በላይ አያነጋግርም። ዓርብ ከሰዓት ሥራ የለም፤ ሻይ ይዘን የሳምንቱን እናወራለን። ደግሞ የሕክምና ቦታ ሳላመቻች አንድም ሰው አልጠይቅም። አንዲት እናት «ጠይቀሽ ስትጨርሺ ምን ታደርጊልኛለሽ?» ብላኝ መልስ አጥቻለሁ።

ነጥቡን ደምሮ ማን ታሟል ማለቱ ላይ እስካሁን ልቤ አልረጋም። ከ80ው 31 እስከ 33 ያገኘ ሰው ሕመሙ ሊኖርበት ይችላል ይባላል። ይህ መነሻ የወጣው በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ተሠርቶ ነው። እነሱ ጦርነቱን ትተው ቤታቸው ገብተዋል። አዛውንቱ የሚያድሩት ሸራ ውስጥ ነው። በር በሩን ማየታቸው ሕመም ነው ወይስ ብልሃት?

ስለዚህ 17ኛው ጥያቄ አጠገብ ትንሽ ቦታ ትቻለሁ። መረጃ ሰብሳቢው ዞር ብሎ አይቶ፣ በሩ መቆለፊያ ይኑረው አይኑረው ይጽፍበታል።