ዘንባባ ያለባት ሃዶንፊልድ

ከሎስ አንጀለስ ዩኒየን ስቴሽን በባቡር ተነስተን ሳውዝ ፓሳዲና ስንወርድ ገና ጠዋት ነበር። ቤቱን ፍለጋ ብዙ የምንዞር መስሎኝ ስልኬ ላይ ሳፈጥ ጓደኛዬ በአገጯ ጠቆመችኝ። ሚሽን ጎዳና፣ ቁጥር 1000፣ ከሐዲዱ አጠገብ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት ቁጭ ብሏል።

«ለዚህ ነው በሌሊት የቀሰቀስከኝ?»

አዎ፣ ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «ሃሎዊን» ፊልም ላይ የስድስት ዓመቱ ማይክል ማየርስ እህቱን በወጥ ቤት ቢላ የገደለው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ያኔ የነበረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በ1987 ሊፈርስ ሲል ተነስቶ ነው ወደዚህ የመጣው።

ፊት ለፊቱ ቆሜ የመግቢያውን ትዕይንት አስታወስኩ። ካሜራው የገዳዩ ዓይን ነው፤ ቤቱን ይዞራል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ጭምብል ሲያጠልቅ እኛም በሁለት ቀዳዳ ማየት እንጀምራለን። ማን እንደሆነ የምናውቀው ውጭ ወጥቶ ጭምብሉ ሲገለጥለት ነው። በቀረው ፊልም ውስጥ፣ ማይክል ካደገ በኋላ፣ ቤቱ የተተወና የወላለቀ ስለሆነ ይህን ክፍል መጨረሻ ላይ አቆይተው፣ ሠራተኞቹ ቤቱን ቀለም ቀብተው ነው የቀረጹት።

እኔን ግን ከዚያ ይልቅ የሚይዘኝ በጠራራ ፀሐይ የሚሆነው ነገር ነው። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ላውሪ (ጄሚ ሊ ከርቲስ፣ የመጀመሪያ ፊልሟ ነው) ቁልፍ ልታስቀምጥ የዚህ ቤት በረንዳ ላይ ትወጣለች። እኛ ከበሩ ውስጥ ሆነን እናያታለን። ቁልፉን ከምንጣፉ ሥር አስቀምጣ ስትርቅ የአንድ ሰው ትከሻ ቀስ ብሎ ከፊታችን ይገባል፤ ትንፋሹ ይሰማል። በቃ። ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ከእሱ በኋላ የመጡት ስላሸር የሚባሉት፣ ገዳይ ሰዎችን በስለት እያሳደደ የሚገድልባቸው ፊልሞች ቢላውን ወሰዱና ይህን ትከሻ ረሱት ባይ ነኝ።

በኦክስሊ ጎዳና በኩል ወደ ውስጥ ዘለቅን። ታሪኩ ኢሊኖይ ውስጥ በምትገኝ ሃዶንፊልድ በምትባል የፈጠራ ከተማ፣ በኦክቶበር መጨረሻ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚሆን ነው። ስሙ የመጣው ፊልሙን ከዳይሬክተሩ ከጆን ካርፔንተር ጋር ከጻፈችው ከዴብራ ሂል የትውልድ ከተማ ነው፤ የእሷዋ ሃዶንፊልድ ግን ኒው ጀርሲ ናት። ቀረጻው በጸደይ ስለነበር የረገፈ ቅጠል ከየት ይምጣ? ቅጠል ቀለም ቀብተው መንገዱ ላይ ይበትናሉ፤ ተቀርጾ ሲያልቅ ለቅመው ለሌላው ትዕይንት ያቆዩታል። ኢሊኖይ ውስጥ የማይጠበቁትን የካሊፎርኒያ ዘንባባዎች ግን የት ይደብቋቸው! ዛሬም ቆመዋል፤ ፊልሙን አፍጥጦ ላየው እዚያም አሉ።

ለፊልሙ የነበረው ገንዘብ 300,000 ዶላር አካባቢ ነበር። ያደገው ማይክል የሚያጠልቀው ጭምብል ከሁለት ዶላር በታች የተገዛ፣ የተዋናዩን የዊሊያም ሻትነርን ፊት አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የዓይኑን ቀዳዳ አሰፉት፣ ነጭ ቀለም ረጩበት፣ የማንም ያልሆነ ፊት ወጣው። ሙዚቃውን ካርፔንተር ራሱ ሠራ፤ አባቱ በልጅነቱ ባስተማረው ባለ አምስት ምት። ለጓደኛዬ በጣቴ ጭኔ ላይ እየመታሁ አሰማኋት። አራት ላይ ያረፈ ሲመስል አንድ ይጨምራል፤ ጆሮ አይደላደልም።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለችኝ።

ብዙ ግቢዎች የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር አላቸው። ፊልሙ ላይ ማይክል ከእንዲህ ያለ አጥር ጥግ ብቅ ይላል፤ የላውሪ ጓደኛ ሄዳ ስታይ ግን የለም። ይህን እያወራኋት አንድ ረጅም አጥር ጋ ደረስን። ሳቀችብኝ። ከዚያ መንገዱን ተሻግራ በወዲያኛው በኩል መሄድ ጀመረች።