መዥገር ያው መዥገር ነው

ሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩን ስከፍት መደርደሪያዎቼ ባዶ ናቸው። 240 ትንንሽ ቲዩቦች ነበሩኝ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ መዥገር፣ በእያንዳንዱ ክዳን ላይ አንድ ቁጥር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንገቴ እስኪደርቅ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የለየኋቸው ናቸው። በእነሱ ቦታ 24 ቲዩብ ተደርድሯል። አሥር አሥሩ አንድ ላይ ተፈጭተዋል።

ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የሠሩ ባልደረባዬ ጠረጴዛቸው ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ናሙናዎቼ የት ሄዱ?»

«የዲኤንኤ ማውጫው ኪት ሊያልቅ ነው። ቅዳሜ ገብቼ ጨረስኩልሽ።»

ፊታቸው በርቷል። በእረፍት ቀናቸው የገቡት ሊያግዙኝ ነው። ይሄ ነው የባሰ ያበሳጨኝ።

«ግን እኮ ለየብቻ ነበር የሚሠሩት።»

«ለምን? ሁሉም የውሻ መዥገር አይደል? መዥገር ያው መዥገር ነው።»

መልስ መስጠት አቃተኝ። እንባዬ ስለመጣ ኮሪደር ወጥቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ልላቸው የሚገባኝን እስከ ዛሬ በልቤ እደጋግመዋለሁ።

ቡናማው የውሻ መዥገር እየተባለ በአንድ ስም ሲጠራ የኖረው አንድ ዓይነት አይደለም። በሞቃት አካባቢ የሚገኘውና ቀዝቀዝ ባለ አካባቢ የሚገኘው በዲኤንኤ ይለያያሉ። ልዩነቱ ደግሞ የስም ብቻ አይደለም። በ2015 የደቡብ አሜሪካ መዥገሮችን ወስደው ሲፈትኑ፣ የሞቃቱ ወገን ኧርሊኪያ ኬኒስ የተባለውን ባክቴሪያ ከታመመ ውሻ ወደ ጤነኛ ውሻ አስተላለፈ። የቀዝቃዛው ወገን ያንኑ ደም መጦ ማስተላለፍ አልቻለም። በ2021 የሞቃቱ ወገን ሪፒሴፋለስ ሊናይ ተብሎ ራሱን ችሎ ወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይን መለየት ግን ዓመታት የሠራ ሰውንም ያደናግራል። ባልደረባዬ ያዩት በትክክል ነው፤ መልካቸው አንድ ነው።

በሌሎች መዥገሮችም ይሄ አለ። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው የሰሜን አሜሪካ መዥገር ገና ሳያድግ፣ በሰሜን ያለው ከወደቀው ቅጠል በላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል። በደቡብ ያለው ቅጠሉ ሥር ይቆያል፣ ብዙውን ጊዜም እንሽላሊት ላይ ይጣበቃል። ሰሜኑ በበሽታው የበለጠ የተጠቃበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። «እዚህ መዥገር አለ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የትኛው ነው? ጥያቄው እሱ ነው።

የእኔም ጥናት ይሄንኑ ነበር የሚጠይቀው። ናሙናዎቹ ከሞቃትም ከቀዝቃዛም ቦታ የመጡ ናቸው፤ እኔ የደረደርኳቸው ግን በቦታ ሳይሆን በጾታ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ቲዩቦች ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ተቀላቅለዋል። በፒሲአር፣ ማለትም ጥቂት ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ፣ ከፊሎቹ ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። የመዥገሩን ጂን ስናስነብብ ደግሞ የሁለቱ ወገኖች ዲኤንኤ ስለተቀላቀለ ግራፉ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጫፍ ይወጣል። በሽታው አለ፤ የተሸከመው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

አንድ ነገር ተርፎኝ ነበር። ከእያንዳንዱ መዥገር አንድ እግር ቆርጬ፣ ቁጥር ሰጥቼ አልኮል ውስጥ አስቀምጫለሁ። ከእግር የሚወጣው ዲኤንኤ መዥገሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል። ስለ ባክቴሪያው ግን እግርን ማመን አይቻልም፤ ዋናው መደበቂያው አንጀቱና የምራቅ ዕጢው ነው። እግር ላይ ታጣ ማለት መዥገሩ ውስጥ የለም ማለት አይደለም። እግሮቹ የሚጠቅሙኝ የትኛው መዥገር የትኛው ቲዩብ ውስጥ እንደገባ ካወቅኩ ብቻ ነው።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። አኩርፌ ስለነበር ድምፄ ደረቅ ነበር። መሳቢያቸውን ከፍተው ደብተር አወጡ። 240ውም ቁጥሮች ተጽፈዋል፣ አሥር አሥር ሆነው፣ አንድም ሳይዘለል። «ያለ መዝገብ እንዴት ይቀላቀላል?» አሉኝ።

ያ ደብተር ባይኖር ሥራው እዚያው ያበቃ ነበር። በአጋጣሚ ከአንድ ወገን ብቻ የሆኑትን ቲዩቦች ለይተን የሚነገር ነገር አገኘን። እግሮቹን አብረን ነው የሠራናቸው። ለምን ለየብቻ እንዳስቀመጥኳቸው ያን ጊዜ በደንብ አስረዳኋቸው። ክዳኖቹ ላይ ቁጥር እንጂ ምክንያት አልጻፍኩም፤ ለማንምም ነግሬ አላውቅም ነበር።

እሳቸው ግን ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ቅዳሜ ደውለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ። መግባታቸውን በምን አውቄ? ይሄን አልመለስኩላቸውም። የተቀላቀሉት ቲዩቦች አሁንም ፍሪዘሩ ውስጥ አሉ። ልጥላቸው አልቻልኩም።